የሦስት መስመር ማስጠንቀቂያ

ዲሴምበር 13፣ ቅዳሜ

ስምንት ኢንች በረዶ ይጥላል ብዬ ነበር። ዘነበ። ዝናብ ብቻ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ለብ ያለ የጸደይ ዝናብ የመሰለ።

በዚህ የትንበያ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ተሳስቼ አላውቅም አልልም። እንዲህ ግን ተሳስቼ አላውቅም። የሰባት ወረዳ ትምህርት ቤቶች የቅዳሜ ዝግጅታቸውን በእኔ ቃል ሰረዙ። ባለቤቴ ጌይለን የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነው። ትርፍ ጉዞ ተመድቦለት ነበር፣ ተሰረዘ። መስኮት ላይ ቆሞ ዝናቡን ሲያይ ዋለ። እራት ላይ፣ "አውቶቡሱን ባወጣው ኖሮ ታጥቦልኝ ይመለስ ነበር" አለ።

ሦስት ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ የነበረው አየር ከገመትኩት ሁለት ዲግሪ ሞቀ። ሁለት ዲግሪ። ይኼን ለማን ታስረጂዋለሽ?

በረዶውን ፈርተን አምስት ዳቦ ገዝተናል። ለሁለት ሰው።

ዲሴምበር 15፣ ሰኞ

ክሌል ራትሊፍ በጠዋቱ የሬድዮ ፕሮግራሙ፦ "ውድ አድማጮቻችን፣ ወይዘሮ ዴልፊያ ስታምፐር እንዳሉት ዛሬ በረዶ፣ ዝናብ፣ ፀሐይ ወይም አንበጣ ይኖራል። ጃንጥላም አካፋም ጀልባም ይዛችሁ ውጡ።"

ቀጥሎ የወረዳው የመንገድ ሥራ ኃላፊ ቨርኒ ሃል ወደ ቢሮዬ ደወለልኝ።

"እመቤቴ፣ ቅዳሜ በረዶ እንዳይዝ መንገዱ ላይ ያፈሰስነው አርባ ቶን ጨው ተጠራርጎ ወንዝ ገብቷል። አሁን ዓሣው ሁሉ ደም ግፊት ይዞታል።"

ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልሳቅሁም።

ጃንዋሪ 7፣ ረቡዕ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሆበርት ደወለ። "ሃያ ሰባት። ዝናብ ዜሮ።" ዘጋው። በፋራናይት ነው፤ ውሃ ይረጋል።

ሆበርት ወንድሜ ነው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ፖውፖው ሸለቆ ውስጥ አባባ በተወው ቤት ብቻውን ይኖራል። የአባባን ቴርሞሜትርና የዝናብ መለኪያም እሱ ነው የወረሰው። ለጣቢያችን በፈቃዳቸው እየለኩ የሚደውሉ አሥራ ስምንት ሰዎች አሉ፤ አንዱ እሱ ነው። አንድም ጠዋት ቀርቶ አያውቅም። ከአራት ዓመት ወዲህ ከቁጥር ሌላ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ለሁለታችንም ይመቸናል።

አባባ የሞተው ከአራት ዓመት በፊት፣ በጎርፉ ሌሊት ነው። እኔ ተረኛ ነበርኩ። ሆበርት፣ አባባ እየደከመ ነው፣ ይጠራሻል እያለ ሦስት ጊዜ ደውሎ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ የሚተካኝ ሰው አልነበረም፣ ተራዬ ሲያልቅ እመጣለሁ አልኩ። ተራዬ ሲያልቅ ሄድኩ። ከዚህ ሌላ የሚጻፍ የለም።

ጃንዋሪ 20፣ ማክሰኞ

ስብሰባ። አለቃችን ላይል ከሰሜን የመጣ ነው፤ እዚያ በረዶ በረዶ ነው፣ ዝናብም ዝናብ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ከእንግዲህ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ሦስት መስመር ብቻ ይሁን አለ። ሰው ስልኩ ላይ ነው የሚያነበው፣ ከሦስተኛው መስመር በኋላ የሚዘልቅ የለም አለ። የተጠና መሆኑንም በሥዕል አሳየን።

"ነገሩ አራት መስመር ከሆነስ?" ብዬ ጠየቅሁ።

ሁሉም ሳቁ። እየቀለድኩ አልነበረም።

ጃንዋሪ 29፣ ሐሙስ

ገበያ አዳራሽ ውስጥ ክሌልንና ሚስቱን ዊልማን አገኘኋቸው። ክሌል አጭር ነው። ድምፁን በሬድዮ ብቻ የሚያውቁት ሰዎች ሲያዩት የሚያዝኑ ይመስለኛል።

"ዴልፊ! ምን ትመክሪኛለሽ፣ ወተት ልግዛ ወይስ አይስክሬም?"

"ተው አንተ ሰውዬ" አለችው ዊልማ፣ እጅጌውን እየጎተተች። ወደ እኔም ዞራ፣ "ቤትም እንዲሁ ነው። ቤትስ የሚያጠፋው ቁልፍ እንኳን የለውም" አለችኝ።

ስወጣ መኪናዬ አልነሳ አለ። ባትሪ ነው። ክሌል የራሱን መኪና አስጠግቶ ገመድ አገናኘልኝ። በዚያ ብርድ ሃያ ደቂቃ ቆሞ፣ ያለ ጓንት።

"ነገ በሬድዮ ትናገረዋለህ አይደል?" አልኩት። "የአየር ጠባይ ባለሙያዋ ብርዱ ቀድሟት መኪናዋ በረደባት ብለህ።"

"ይኼንንማ አልናገርም። ሰው ሲረዱ ማውራት ቀልድ የለውም።"

(በማግሥቱ)

አዳመጥኩ። እውነትም አልተናገረም። ስለ አንበጣው ግን ደገመው።

ፌብሩዋሪ 13፣ ዓርብ

ከምዕራብ አንድ ነገር እየመጣ ነው። ገና አምስት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ በየስድስት ሰዓቱ ሐሳቡን ይለውጣል። ጠዋት በረዶ አለ። ቀትር ላይ ዝናብ አለ። አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ይላል።

ለማንም አልተናገርኩም። ጌይለን፣ "ምነው ዳቦ ገዛሽ?" አለኝ። ስለጨረስን ነው አልኩት። አልጨረስንም።

ፌብሩዋሪ 15፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን። ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ያንሾካሽካሉ።

"ረቡዕ ምን ይሆናል ብለሽ ጠይቂያት።"

"ምን ልትለኝ? እሷ ከተናገረች አይሆንም።"

"እንግዲያውስ በረዶ ነው ትበላ፣ ፀሐይ እንዲወጣልን።"

ጌይለንም ሰምቷል። መዝሙሩ ሲጀመር ሰው ዞሮ እስኪያየው ድረስ ጮኾ ዘመረ። ድምፁ ጥሩ አይደለም።

ፌብሩዋሪ 16፣ ሰኞ

ጠዋት ሆበርት፦ ሠላሳ። ዝናብ ዜሮ።
የአየር መለኪያው ፊኛ ተለቀቀ። ላይ ሞቃት፣ ታች ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛው ስስ ነው።
ኮምፒውተሩ፦ ቀዝቃዛው ረቡዕ ቀትር ላይ ይጠረጋል፣ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ፣ ተራ ዝናብ።
ላይል ከኮምፒውተሩ ጋር ነው።
ምሳ አልበላሁም።
ቨርኒ ሁለት ጊዜ ደወለ። "ጨው ልጫን ወይስ ዓሣ ማጥመጃዬን ላውጣ?" እስከ ነገ ጠብቅ አልኩት።

ፌብሩዋሪ 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ ያለውን በሥርዓት ልጻፈው።

እዚህ አገር መጥፎው ማዕበል ብዙ በረዶ የሚጥለው አይደለም። መጥፎው፣ ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት አየር ከላይ ሲያልፍ፣ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ እንደ ውሃ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ አልነሳም ሲል ነው። ያኔ ዝናብ ሆኖ ይወርድና የነካው ነገር ላይ ይረጋል። የቨርኒ ሠራተኞች "መስታወት" ይሉታል። ዛፍ ይሰብራል፣ የመብራት ሽቦ ይበጥሳል። የዛሬው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀዝቃዛው አየር ይጠረጋል ወይስ ይተኛል? ውሃ የሚረጋው ሠላሳ ሁለት ላይ ነው። ከሠላሳ ሁለት በላይ ከሆንን ዲሴምበርን ደገምኩት። በታች ከሆንን ደግሞ ሰው ሳይዘጋጅ ይደርስበታል።

አንድ ሰዓት ላይ ሆበርት ደወለ።

"ሃያ ዘጠኝ። ዝናብ ዜሮ።"

ሊዘጋው ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልዘጋውም። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"ጭሱ አልነሳም" አለ።

"ምን?"

"የምድጃዬ ጭስ። ከትናንት ጀምሮ ወጥቶ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ይተኛል። ከዚያ ሸለቆውን ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። ኮምፒውተርሽ ምን ይላል?"

"ነገ ቀትር ላይ ይጠረጋል ይላል።"

"ይምጣና ይጥረገው" አለና ዘጋው።

በአራት ዓመት ውስጥ ረጅሙ ንግግራችን ነው። ይኼን ሳላስብ እዚያው ቁጭ ብዬ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ሌሎች አምስት ሰዎች ጋ ደወልኩ። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ ስምንት። የሁሉም ጭስ ተኝቷል፤ ቀዝቃዛው አየር አልተነቃነቀም። አንዷ ባልቴትማ፣ "ጎረቤቴ ምን እንደሚጠብስ ከትናንት ጀምሮ እያሸተትኩ ነው" አለችኝ።

ላይል ጋ ገባሁ።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለ። እርስዎ ሲለኝ ፈርቷል ማለት ነው።

"እርግጠኛ አይደለሁም።"

"ከዲሴምበሩ በኋላ ማለቴ ነው።"

"ምን ማለትህ እንደሆነ ገብቶኛል።"

"ይጻፉት። ሦስት መስመር" አለ።

አምስት ነበር የጻፍኩት። የወጣው ይኼ ነው፦

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ የሚረጋ ዝናብ፤ ከግማሽ እስከ አንድ ኢንች ውፍረት ያለው በረዶ ዛፍና ሽቦ ላይ ይጋገራል።
መብራት ለብዙ ቀናት ሊጠፋ ይችላል፤ ምግብ፣ ውሃና ማሞቂያ ያዘጋጁ።
ከረቡዕ ማታ እስከ ዓርብ ከቤት አይውጡ።

ሁለት መስመር ተቀነሰ። አንዱ አረጋውያን ጎረቤቶችን ስለመጠየቅ ነው፣ ሌላው ስለ ጀነሬተር አጠቃቀም። እነዚህን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ላይል የበረዶውን ውፍረት እናውጣው፣ ለሌላው ቦታ ይለቃል ብሎ ነበር። ቁጥሩ እንዲቆይ ፈለግሁ። ቁጥር ያስፈልጋል።

ፌብሩዋሪ 18፣ ረቡዕ

ሆበርት፦ ሃያ ዘጠኝ። ዜሮ። ሌላ አልተናገረም።

ክሌል ማስጠንቀቂያውን በሬድዮ አነበበው። ሳይቀልድ። ቃል በቃል። ሁለት ጊዜ።

"ይህቺ ሴት በዲሴምበር አስቃኛለች። ዛሬ ግን አልሳቅሁም። ትናንት እኔ ራሴ ሄጄ ጀነሬተር ገዝቻለሁ፤ የመጨረሻዋ ነበረች፣ ፓስተሩን በሁለት ደቂቃ ነው የቀደምኳቸው። ይቅር ይበሉኝ። እናንተም ተነሡ።"

ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ቢሮ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ቨርኒ፦ "መስታወት ነው?" መስታወት ነው። "እንግዲህ ጨው አይበቃም። አሸዋ ልጫን።" ቀልድ አልጨመረበትም።

ጌይለን ልጆቹን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቤታቸው አድርሷል።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የሳትኩት።

ፌብሩዋሪ 19፣ ሐሙስ

ቢሮ አደርን። ዛፎቹ ሲሰበሩ ጥይት ይመስላሉ። መጀመሪያ ስንጥቅታ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ብርጭቆ የተጫነ መኪና የተገለበጠ ይመስል መሬት ላይ።

ከጣቢያው በር ፊት ያለው ቅርንጫፍ ላይ የጋገረውን በረዶ ራሴ ለካሁት። ስምንት አሥረኛ ኢንች። ከግማሽ እስከ አንድ ብዬ ነበር። ላይል አቀፈኝ። ተራ ዝናብ ነው ያለው ኮምፒውተር አሁንም ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ነው ይላል፤ ውጭ ሃያ ዘጠኝ ነው። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ በወረቀት "ጭሱን ጠይቁ" ብሎ ጽፎ ስክሪኑ ላይ ለጠፈው። የባቄላ ሾርባ ሁለት ሳህን በላሁ። እንዲህ ርቦኝ አያውቅም።

በፈቃዳቸው ከሚለኩት አሥራ ስምንት ሰዎች ጠዋት የደወሉት አራት ናቸው። ስልክ ተቆርጧል። ሆበርት አልደወለም። መደወያ የለውም፣ ሌላ ነገር አይደለም። ምድጃ አለው። እንጨት አለው።

ፌብሩዋሪ 20፣ ዓርብ

ስድሳ አንድ ሺህ ቤት ያለ መብራት።
ሆበርት የለም።
ሃያ ሁለት ዲግሪ። ቀን ላይም አይቀልጥም።
ወደ ፖውፖው የሚወስደው መንገድ ዝግ ነው።
ሬድዮው ከትናንት ጀምሮ ሙዚቃ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ መንገድ ተዘግቶባቸው መሰለኝ።

(ቆይቶ)

ከቀትር በኋላ ቨርኒ መጣ። ጫማው ላይ የብረት ጥርስ አስሮ ወለሉን እየቧጨረ ገባ። እመቤቴ አላለኝም።

"ዴልፊያ፣ ክሌል ሞቷል።"

"ዛፍ ወደቀበት?"

"አይደለም። ጀነሬተሩን ምድር ቤት ውስጥ አስነስቶት ነበር። ዝናብ እንዳይመታው ብሎ። ዊልማ ዝናቡ ሳይጀምር እናቷ ጋ ሄዳ ነበር። ዛሬ ጠዋት እንዳያዳልጣት ጫማዋ ላይ ካልሲ አጥልቃ እየዳኸች መጥታ ስታየው፣ ወንበሩ ላይ ነው። የተኛ ነው የመሰላት። ቡና እንኳን ልታፈላለት ነበር።"

"ጭሱ ነው?"

"ጭሱ ነው። መርዙ ሽታ የለው፣ ምን የለው።"

"እንዴት ግን አላወቀም?" አልኩ። "ጀነሬተር ቤት ውስጥ እንደማይነሳ ሰው ሁሉ ያውቃል እኮ።"

ቨርኒ ባርኔጣውን አውልቆ አገላበጠው።

"እኔ አላውቅም ነበር። የእኔን ጋራዥ ውስጥ ነው ያስነሳሁት። የጋራዡ በር በረዶ ይዞት አልዘጋ ስላለ ነው የተረፍኩት።"

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ስለ መንገዱ ጠየቅሁት መሰለኝ።

መስመሮቹ የተቀነሱት በመመሪያው መሠረት ነው። መመሪያው በጽሑፍ አለ። ቀኑ ጃንዋሪ 20 ነው።

ፌብሩዋሪ 21፣ ቅዳሜ

ቨርኒ እኔንና ጌይለንን በአሸዋ መኪናው እስከ ሸለቆው አፍ አደረሰን። ከዚያ ሁለት ማይል በእግር። ጌይለን ግንድ ባገኘ ቁጥር ቀድሞኝ ይሻገርና እጁን ይዘረጋልኛል። አንድ ቦታ ላይ ሁለታችንም ወደቅን። "ይኼንን ትንበያሽ ላይ አላየሁትም" አለ። እጁን ያዝኩት።

የሆበርት በረንዳ ጣሪያ ወርዷል። እሱ በረንዳው ፊት ቆሞ በረዶ የጋገረበትን የእንጨት ስንጣሪ በመለኪያ ይለካል። ከሩቅም ከቅርብም ጢሙን ብቻ ነው የምታይው።

"አንድ ኢንች ከአንድ አሥረኛ" አለ፣ እንደ ሰላምታ። "ስልኩ ስለተቆረጠ የሦስቱን ቀን ጽፌዋለሁ።" ወረቀቱን ሰጠኝ። ጽሑፉ የአባባን ይመስላል።

"በሕይወት አለህ" አልኩት።

"ምን ልሁን ብለሽ ነው? ሬድዮውን ሰምቼ እንጨት አስገባሁ። ከታች ያሉትን ሁለቱን አሮጊቶች አመጣኋቸው። ውስጥ ናቸው። ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት፤ ማዕበሉ ይሻላል።"

ጌይለን የወደቀውን ጣሪያ ሊያነሳ ሄደ። ሆን ብሎ ነው። እኛ እንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጥን። ስለ ክሌል ነገርኩት። ስለ ጀነሬተሩ መስመርም።

"ቀነስነው" አልኩት።

"እነማን?"

"እኔና ላይል።"

"ላይል ነው የመረጠው?"

"አይደለም።"

ራሱን ነቀነቀ። አላጽናናኝም፣ አልወቀሰኝም። ወደ ጅረቱ እያየ ተናገረ።

"አባባ ያን ሌሊት አልጠራሽም።"

"ምን አልክ?"

"እኔ ነኝ የጠራሁሽ። ብቻዬን ፈርቼ። እሱማ 'ተዋት፣ ወንዙን ትጠብቅ' ነው ያለው።"

"ይኼን አራት ዓመት ሙሉ ሳትነግረኝ?"

"ተናድጄ ነበር።"

"አራት ዓመት?"

"የተናደድኩት አንዱን ዓመት ነው። ሌላው ማፈር ነው።"

እኔም ነገርኩት። ያን ሌሊት የሥራ ባልደረባዬ ሬይመንድ ቤቱ ነበር፣ ከጣቢያው አሥር ደቂቃ የሚርቅ። እንዲተካኝ ልጠራው እችል ነበር። አልጠራሁትም። እኔ ከሌለሁ የማይሆን መስሎኝ ነበር።

"አውቃለሁ" አለ ሆበርት። "ሬይመንድ ቀብሩ ላይ ነግሮኛል።"

ከውስጥ አንደኛዋ አሮጊት፣ "ሆበርት! ይህቺ ሴትዮ እንጨቱን ልትፈጀው ነው!" ብላ ጮኸች። ተነስቶ ገባ። እኔ ትንሽ ቆየሁ።

ፌብሩዋሪ 25፣ ረቡዕ

የክሌል ቀብር። መኪና ውስጥ ተቀምጬ አየሁ። ጌይለን ገብቶ ስለ ሁለታችንም ቆመ። ሰው ብዙ ነበር። ድምፁን ብቻ የሚያውቁት ሁሉ ሳይመጡ አልቀሩም።

ሬድዮው በእሱ ሰዓት ላይ ሰው አላስገባም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ደቂቃ ዝምታ ይተላለፋል። ቁልፉን ሳልነካው አዳምጣለሁ።

ማርች 5፣ ሐሙስ

ግምገማ ደረሰ። በትንበያው ትክክለኛነት ጣቢያችን በዚህ ክረምት ከአካባቢው አንደኛ ወጥቷል። ከዋናው ቢሮ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ስሜ በደብዳቤው ላይ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል። አንዱ ላይ ፊደሉ ተሳስቷል።

ላይል ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበ። ተጨበጨበ። ከዚያ፣ "እንደ አስፈላጊነቱ ከአሁን በኋላ አራተኛ መስመር ይፈቀዳል" አለ። ማንም አልሳቀም።

በአካባቢያችን በማዕበሉ የሞቱት ሦስት ናቸው። አንዱ በመንገድ፣ ሁለቱ በጀነሬተር ጭስ። የሁለተኛውን ሰው ስም አላውቀውም ነበር። አሁን አውቀዋለሁ። ኤልዚ ይባላል፣ ጡረተኛ ነው፣ ንብ ያረባ ነበር።

ለዊልማ ደብዳቤ ጀመርኩ። "በደረሰብዎት ሐዘን" ከሚለው አላለፈም። ዊልማን እርስዎ ብያት አላውቅም።

ማርች 10፣ ማክሰኞ

ደብዳቤውን ትቼ ሄድኩ።

በሩን ስትከፍት አልደነገጠችም። ክብደት ቀንሳለች። የክሌልን ሹራብ ለብሳለች፤ በልኳ ነው።

"ግቢ" አለች። "ትመጫለሽ ብዬ ነበር። ዘገየሽ እንጂ።"

ወጥ ቤት ተቀመጥን። የቀብር ሰሞን ጎረቤት ያመጣው ሳህን ተደርድሯል፤ የየባለቤቱ ስም ከሥሩ በፕላስተር ተለጥፏል። ስለ እናቷ ጠየቅኋት። ስለ ሆበርት ጠየቀችኝ።

"ዊልማ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።"

"ንገሪኝ።"

"የዚያ ቀን ማስጠንቀቂያ አምስት መስመር ነበር። ሦስት መሆን ነበረበት። ስለ ጀነሬተር የሚናገረውን አወጣሁት።"

"ማን አወጣው?"

"እኔ።"

"ምን ይል ነበር?"

በቃሌ ነው የማውቀው። "ጀነሬተር ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ሃያ ጫማ ርቆ ይቀመጥ።"

እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየችው።

"በምን ተካሽው?"

"በቁጥር። በበረዶው ውፍረት።"

"ልክ ነበር?"

"ልክ ነበር።"

ማቀዝቀዣው ተነስቶ ጮኸና ቆመ።

"እኔ እዚሁ ቆሜ ነበር የሰማሁት" አለች። "ሁለት ጊዜ ነው ያነበበው። አንቺ የጻፍሽው ላይ አንድ ቃል አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ቢኖርበት ኖሮ በገዛ አፉ ያነበው ነበር።"

"አዎ።"

"ሁለት ጊዜ።"

"አዎ።"

ይቅር በይኝ ልል ነበር። አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

"አሁን አትበይኝ። እሱን ሌላ ቀን ትዪኛለሽ። ዛሬ የምታግዥኝ ነገር አለ።"

የምድር ቤቱን በር ከፈተች። አሥራ አንድ ደረጃ ነው። ጀነሬተሩ ከግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ቀይ፣ አዲስ፣ የዋጋው ወረቀት እንኳን አልተላጠም። የመጣ ሰው ሁሉ ላውጣልሽ ይላል፣ ወርዶ ሲያየው ግን ሌላ ቀን ይላል አለችኝ።

"ያዥ" አለች።

በአንዱ በኩል እሷ፣ በአንዱ በኩል እኔ። ከባድ ነው። በየሁለት ደረጃው አረፍን። አንዴ ጣቴን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው፤ "ቀስ" አለችኝ። ስድስተኛው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ቆሜ ያዝኩት፣ እንዳይወርድባት። ስትጨርስ አፍንጫዋን በሹራቡ እጅጌ ጠርጋ ተነሳች።

ጓሮ አወጣነውና ሣሩ ላይ አስቀመጥነው። ፀሐይ ነበር። የተሰበሩት ቅርንጫፎች ገና አልተነሱም። ልሄድ ስል፣ "ቆይ" አለችኝ።

ጀርባዋን ከቤቱ ግድግዳ ጋር አገናኘች። ከዚያ አንዱን እግሯን በሌላው ፊት እያስቀመጠች፣ ተረከዝ ከጣት እያስነካች፣ ጮክ ብላ እየቆጠረች መጣች። አሥራ ሦስት ላይ ጀነሬተሩ ጋ ደረሰች። አልፋው ሄደች። ሃያ ላይ ቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

"እዚህ" አለች።

ሄጄ በእኔ በኩል ያለውን እጀታ ያዝኩ።